በበጋዋ ውኃ የነካት አበባ

ያን ሰሞን የኦርኪድ አበባዬ ፍሬ የከረመችው በሚስቴ የእግር ሹራብ ውስጥ ተንጠልጥላ ነው። ስስ ከሆነው፣ ሴቶች በቀሚስ ከሚለብሱት ሹራብ ጫፉን ቆረጥኩና አንዲቷን ፍሬ አለበስኳት፤ አፉን በክር አሰርኩት። ድንገት ብትፈነዳ ዘሯ እንዳይበተን ነው። የኦርኪድ ዘር ዘር አይመስልም፤ ከጤፍ ዱቄት ይደቅቃል፤ ሰው አጠገቡ ካስነጠሰ አለቀ። ሚስቴ አየችና «አንተ ሰውዬ፣ አበባዋን ካልሲ አለበስካት? ጫማስ አልገዛህላትም?» አለችኝ። ሳቅን። እኔ ግን እየሳቅኩም ዓይኔ ፍሬዋ ላይ ነበር።

ቤታችን ጀርመን አገር፣ ዚንድሊንገን የሚባል ሰፈር ነው። አበባዋን ያስቀመጥኳት ልጃችን አግብታ ሳትወጣ በፊት ትተኛበት በነበረው ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ነው። ከመስኮቱ ማዶ የፋብሪካዎቹ እንፋሎት ይታያል። ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚያ ነው። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ብዙም አላለፈም፤ ስለዚህ በየታንኩ እየገባሁ ኬሚካል የነበረበትን ከውስጥ አጥብ ነበር። የፈረቃችን አለቃ አንድ ጀርመን ነበረ። ሁላችንም ማይስተር፣ ማለትም አለቃ፣ እንለው ነበር፤ እሱም እኔን ኮሌጋ፣ የሥራ ባልደረባ፣ ይለኛል። ጡረታ ከወጣን ወዲህም መጠራሪያችን እንደዚያው ቀረ።

ማይስተር ከባቡሩ ሐዲድ ጀርባ ሽሬበርጋርተን ነበረው፤ ከተማ ውስጥ ለሰው የምትከራይ ትንሽ የአትክልት ቦታ ማለት ነው። እኔን መጀመሪያ የጠራኝ ለአበባ አልነበረም። ጎመን እንድተክል አንድ ጥግ ሊሰጠኝ ነው። ጎመኔን ተክዬ ስጨርስ ወደ መስታወት ቤቱ አስገባኝ። ውስጡ ይሞቃል፤ መነጽሬ ወዲያው በእንፋሎት ተሸፈነ። መነጽሬን ጠርጌ ሳይ ጣራው ሥር ሁሉ አበባ ተንጠልጥሏል። ግማሹ ሐምራዊ ነው፤ ግማሹ ቡናማና ወርቃማ ሆኖ ቅጠሎቹ እንደ አጋዘን ቀንድ የተጠማዘዙ።

«እነዚህ ሁሉ የአውስትራሊያ ናቸው» አለኝ፤ «ከሰሜኑ፣ ከሙቁ።»

አገራቸው ዝናብ በአንድ ወቅት ያለ ልክ ይወርድና ከዚያ ወራቱን ሙሉ ጠብ አይልም አለኝ። እኔ ያደግሁበትም እንደዚያ ስለሆነ አልከበደኝም። እዚህ ከመጡ ወዲህ የጀርመንን ብርድ ወራት በጋቸው አድርገውታል። በብርዱ ወራት ውኃ አይሰጣቸውም። አገዳቸው ይሸበሸባል፤ አንዳንዶቹ ቅጠላቸውን ሁሉ ያራግፋሉ፤ የሞቱ ይመስላሉ። ውኃ ከነካቸው ግን ከሥር ይበሰብሳሉ። «ደረቅ ሆነው ቢበርዳቸው ይችሉታል» ይል ነበር ማይስተር፤ «ረጥበው ከበረዳቸው ያልቅላቸዋል።»

ሰውየው አንድ ሕልም ነበረው። ሐምራዊዋንና ባለ ቀንዷን ማዳቀል። ቀጥ ብላ የምትቆም፣ ቀለሟ እንደ እናትየዋ የጠቆረ፣ ቅጠሎቿ እንደ አባትየው የተጠማዘዙ አበባ ትወለድልኛለች ብሎ በየዓመቱ ይሞክራል። ሁለቱ ደግሞ በአንድ ወር አያብቡም። ባለ ቀንዷ በሚያዝያ፣ ሐምራዊዋ በመስከረም። ስለዚህ የባለ ቀንዷን የአበባ ዱቄት ሰብስቦ፣ በወረቀት ጠቅልሎ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆየዋል። ዱቄት ይባል እንጂ ዱቄት አይደለም፤ የስንዴ ቅንጣት የማታክል ቢጫ ሰም ናት። አንድ ዓመት ማቀዝቀዣው ተበላሽቶበት እኛ ቤት አስቀመጥነው፤ ሚስቴ የበርበሬዋ ማሰሮ አጠገብ አግኝታው «ይሄ ደግሞ መድኃኒት ነው?» ብላ ልትጥለው ነበር።

ሞክሮ ሞክሮ ሁልጊዜ ያው ነው። ፍሬው ይይዝና ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቢጫ ሆኖ ይወድቃል።

በመጨረሻው መስከረም ማይስተር መቆም አልቻለም ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጦ አዘዘኝ፤ እኔ አደረግሁት። በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ጫፍ ቢጫዋን ሰም አንስቼ ሐምራዊዋ አበባ መሀል ካለችው የምታጣብቅ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጥኳት። «ትንፋሽህን ያዝ» አለኝ። ያዝኩ። «አሁን ተንፍስ፤ አንተም መሞት የለብህም» አለኝ።

ያቺ ፍሬ አልወደቀችም። አበጠች፣ አረንጓዴ ሆነች፣ እንደ ትንሽ ቃሪያ ሆነች። እሱ ግን በዚያው ሰሞን ወደቀ። ሆስፒታል ከረመ፤ ከዚያ ሆኽስት ወዳለ ፍሌጋሃይም፣ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ወሰዱት። የአትክልት ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ የመስታወት ቤቱ ፈረሰ፤ አበቦቹን ይህም ያም ወሰዳቸው። ባለ ቀንዷን የወሰዳት ሰው ሳሎኑ ውስጥ ወር ሳትሞላው ሞተችበት። ሐምራዊዋን ከነፍሬዋ ለእኔ አደራ ሰጠኝ። የተቀመጠ ዱቄት የለም፤ አባትየው ሞቷል፤ እናትየዋ አርጅታለች። ያ ሁሉ ዓመት ልፋት ከዚያች ከአንዲት አረንጓዴ ፍሬ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ኮሌጋ» አለኝ ሆስፒታል ሆኖ፣ አእምሮው ገና ደህና ሳለ፤ «ከኖቬምበር በኋላ ውኃ የለም። ትለምንሃለች፤ አትስማት። ፀሐይ በወጣበት ጠዋት ብቻ አንድ ማንኪያ ለሥሯ፤ ለፍሬው ስትል። ከዚያ በላይ ካጠጣሃት ጠፋች።»

እንግዲህ ፍርሃቴ ከዚህ ይጀምራል። ጠዋት ተነስቼ ፊቴን ሳልታጠብ እሷን አያለሁ። ፍሬዋን በጣቴ ጫፍ እነካታለሁ፤ ጠንካራ ናት? ለስልሳለች? ሃይትሱንጉን፣ የቤቱን ማሞቂያ፣ ከፍ ሳደርገው አየሩ ደርቆ ፍሬዋ ትሰነጠቅ ይሆን እላለሁ፤ ዝቅ ሳደርገው ይበርዳት ይሆን እላለሁ። ሚስቴ «ልጆቻችንን ስንወልድ እንዲህ አልሆንክም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ የሚበላሽ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጥምቀት አልፎ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ አንድ ጠዋት እጄን የተተከለችበት ማሰሮ ውስጥ ስከት በአፈር ፋንታ ያለው የጥድ ቅርፊት እርጥብ ነው።

ደነገጥኩ። ማንኪያዋን የሰጠኋት መቼ ነበር? ባለፈው ሳምንት መሰለኝ። ወይስ ትናንት? ቆሜ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ትንሽ አጠጥቼ ረስቼው ይሆናል አልኩና ተውኩት። ከሁለት ቀን በኋላ ሳይ ከፊተኛው ይበልጥ ርሳለች። ከቅጠሎቿ መሀልም ውኃ ተቋጥሮ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ መናገር አለብኝ። አባቴ በስተርጅናው የራሱን ቤት በር ከውጭ እያንኳኳ «ቤቶች!» ይል ነበር፤ እንደ እንግዳ። እናቴ ከፍታ ስታስገባው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ በር አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ውስጥ ዝለቅ እስኪሉት ድረስ። ይሄን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። እሷ ግን በገና ሰሞን ድስት እሳት ላይ ጥጄ እንደወጣሁ ሰምታ ኖሮ ደወለችልኝ።

«አባዬ፣ ሐኪም ዘንድ ቴርሚን ይዤልሃለሁ።»

«የምን ቴርሚን?»

«የማስታወስ ቴስት ነው። ኑር አይን ቴስት፣ ቴስት ብቻ፣ ምንም አይደለም።»

«ድስቱ እኮ አላረረም።»

«አባዬ፣ ቢተ፣ እባክህ።»

እሺ አልኳት። የቀጠሮው ቀን ገና ሩቅ ነበር። ማሰሮዋ ርሳ ባገኘኋት ቁጥር ግን ያ ቴርሚን ወደ እኔ እየተራመደ የሚመጣ ይመስለኝ ጀመር። እኔው አጠጥቼያት እኔው ረስቼዋለሁ ማለት ነው። ሌላ ማን ያጠጣታል? ሚስቴ አበባ የምታጠጣ ሴት አይደለችም፤ ቴምር የምታክል ቁልቋል ሰጥተዋት አድርቃዋለች።

ለማንም አልተናገርኩም። ውኃ ማጠጫውን ወስጄ ከለር፣ ምድር ቤት ቆለፍኩበት፤ ቁልፉን ኮቴ ኪስ ከተትኩ። «አሁን ልይህ» አልኩት ራሴን። በማግስቱ ማሰሮዋ እርጥብ ናት። ቁልፉ ኪሴ ነው። ወደ ከለር ወረድኩ፤ ማጠጫው እዚያው ነው፤ ደረቅ ነው። ተኝቼ ሄጄ ይሆን? በኩባያ አጠጥቼያት ይሆን? ታንክ ውስጥ ስገባ ወገቤ ላይ ገመድ ይታሰርልኝ ነበር፤ ውጭ ያለው ሰው ገመዱን ይዞ ይጠብቀኛል፤ ራሴን ብስት ይጎትተኛል። ያን ጠዋት ደረጃው ላይ ወገቤን ዳበስኩ። ምን እንደምፈልግ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ምግብ አልወርድ አለኝ። ሰው ሲያናግረኝ መልሴን ሁለት ጊዜ አስብበት ጀመር፤ እንዳልሳሳት። ሚስቴ ስም ስትጠራ ማን እንደሆነ ወዲያው ካልመጣልኝ ላብ ያጠምቀኛል። እሷ ታየኛለች።

አንድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ደጃፍ ላይ መነጽሬን እንዳልያዝኩ ታወቀኝና ተመለስኩ። በሩን ስከፍት የልጃችን ክፍል ክፍት ነው። ሚስቴ ነጠላዋን ተከናንባ አበባዋ ፊት ቆማለች። በአንድ እጇ የላስቲክ ጠርሙስ ይዛለች፤ በሌላው መዳፏ እያቆረች አናቷ ላይ ትረጫታለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

አልደነገጠችም። ጸሎቷን ጨርሳ አማተበችና ዞር አለች። «ጠበል ነው።»

«ለማን?»

«ለማን ይመስልሃል? ለእሷ ነዋ። ገላዋ ተሸብሽቦ፣ ቅጠሏ ረግፎ፣ ያውም በሆዷ ይዛ። አንተ አንድ ማንኪያ ሰጥተሃት ትሄዳለህ። ዓይኔ እያየ እንዴት ዝም እላለሁ?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥምቀት ወዲህ። ከቤተ ክርስቲያን ካመጣሁት ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ትንሽ ትንሽ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንተንም ረጭቼሃለሁ።»

«እኔን?»

«ተኝተህ ሳለህ። ፊትህ ጠቁሮ፣ ምግብ ትተህ፣ ከራስህ ጋር እያወራህ ደረጃ ስትወርድ ስትወጣ። ምን ላድርግ? ፈራሁ። ልጅቷ ስለ ቴስት ስትለኝ ጭራሽ ፈራሁ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ አይደለሁም ማለት ነው። እኔ አላጠጣኋትም፤ አልረሳሁም። እንባዬ መጣ። ሚስቴ አጠገቤ ተቀመጠችና «ይሄን ያህል ያስቆጣል? ጠበል እኮ ነው» አለችኝ። ሁለታችን አንዳችን ለአንዳችን ፈርተን፣ አንዳችን ከአንዳችን ደብቀን በአንድ ቤት ውስጥ እንደከረምን ያን ጊዜ ነገርኳት። «እብድ ነህ እንዴ፣ አትነግረኝም?» አለችኝ። «መሆኔን ነበር የማጣራው» አልኳት። ሳቀች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ያ ደስታ መነጽሬን አንስቼ ዓይኔ ላይ እስካደርግ ድረስ ቆየ። አበባዋን ሳያት ከአገዳዎቹ አንዱ ከሥሩ ጠቁሯል። በጣቴ ጫን አልኩት፤ ገባ። ቡናማ ውኃ ወጣ።

ጠበሉን አልወቅሰውም፤ ሚስቴንም አልወቅሳትም። ለእኛ ሰው የደረቀ ነገር አይቶ ውኃ አለመስጠት ጭካኔ ነው። ለምን ውኃ እንደምነሳት ቁጭ ብዬ አላስረዳኋትም፤ የማይስተርን ቃል ለብቻዬ ይዤ ዞርኩ። እሷም ያየችው የተጠማ ነፍስ ነው።

ከማሰሮዋ አወጣኋት። የበሰበሰውን ሥር እሳት ባስነካሁት ምላጭ ቆራረጥኩ። ቁስሉ ላይ ቀረፋ ይነሰነሳል፤ ያደርቀዋል፤ ማይስተር ያደርግ የነበረው ነው። ሚስቴን ቀረፋ ጠየቅኋት። «ሻይ ልታፈላላት ነው?» አለች፤ ግን ሄዳ በሙቀጫ ወቅጣ አመጣችልኝ፤ በወንፊትም ነፍታዋለች። እየነሰነስኩ ሳለሁ ከጀርባዬ ቆማ «ትድናለች?» ትለኛለች። «እንጃ» እላታለሁ። ደግማ ትጠይቀኛለች።

አልዳነችም። ጥቁሩ በየቀኑ ወደ ላይ ይወጣል። ፍሬዋ ያለችበት አገዳ ላይ ጥቁሩ የደረሰበት ቦታ ክር አሰርኩ፤ በማግስቱ ክሩን አልፎታል። ቀና ብዬ ፍሬዋን አያታለሁ፤ አረንጓዴ ናት፤ ምንም አላወቀችም።

ዘሩን በጠርሙስ የምትዘራ አንዲት ሴትዮ አለች፤ ከሃናው ከተማ ወዲያ ባለች መንደር። የኦርኪድ ዘር አፈር ላይ አይበቅልም። የራሱ ስንቅ የለውም፤ ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ በረጋ ምግብ ላይ ይዘራል። ደወልኩላት።

«አምስት ወር ሞላት?» አለችኝ።

«ትንሽ ይቀራታል።»

«አረንጓዴዋን፣ ሳትሰነጠቅ፣ ብስባሹ ሳይነካት ካመጣሃት ልሞክር እችላለሁ። ብስባሹ ከገባባት ጠርሙሱ ውስጥ ሻጋታ ብቻ ነው የሚበቅለው። ቶሎ ቆርጠሃት ከሆነ ደግሞ ውስጧ ባዶ ይሆናል።»

«ታዲያ ልቁረጥ ወይስ ልጠብቅ?»

«በስልክ አይታየኝም፤ ያዳቀላትን ሰው ጠይቀው» አለችኝ።

በኤስባን፣ በከተማው ባቡር፣ ወደ ሆኽስት ሄድኩ። ፍሌጋሃይሙ ውስጥ ማይስተርን የምትንከባከበው ከአዳማ የመጣች የእኛው አገር ሴት ናት። ኮሪደር ላይ አገኘችኝ።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ዛሬ ጥሩ ቀኑ አይደለም። ጠዋት እኔን እናቴ ሲለኝ ነበር።»

«ይሳደባል?»

«ኧረ አይሳደብም፤ ትሑት ሆኗል።»

«እንግዲያው በጣም አሞታል» አልኳት። ሳቀች፤ እኔ ግን ከልቤ ነበር።

ማይስተር መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። እጁን ያዝኩ። ፍሬዋ እንዳለች፣ አገዳው እንደጠቆረ፣ ልቁረጥ ወይስ ልጠብቅ እንደሆነ ቀስ ብዬ ነገርኩት። አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። አየኝ። «ቆይ» አለኝ። ልቤ ዘለለ፤ ጠብቅ ማለቱ ነው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ሴትየዋ ሾርባ በማንኪያ ስታቀርብለት «ቆይ» አላት። መጋረጃውን ልትስብ ስትሄድም «ቆይ» አላት። ያን ቀን የነበረው ቃል ያ ብቻ ነው። የመጣሁበትን ባቡር ተሳፍሬ ተመለስኩ፤ የሚነግረኝ ሰው የለም።

ቤት ስደርስ ጥቁሩ ከፍሬዋ በታች አንድ ጣት ያህል ቀርቶታል።

«ቁረጣት» አለች ሚስቴ።

«ውስጧ ባዶ ቢሆንስ?»

«ከተውካትስ?»

ምላጩን በእሳት አጋልኩ። እሷ እጇን በሳሙና እስከ ክንዷ ታጥባ መጣችና መዳፏን ከፍሬዋ ሥር ዘረጋች። ከጥቁሩ በላይ፣ ከፍሬዋ በታች፣ ገና አረንጓዴ በሆነችው ቀጭን ዘንግ ላይ ቆረጥኩ። ምንም ድምፅ አልነበረውም። ፍሬዋ ከነሹራቧ መዳፏ ላይ ወደቀች። ሚስቴ ጣቶቿን አጠፈችና ሳትንቀሳቀስ ቆመች። «ቀዝቃዛ ናት» አለችኝ።

በንጹሕ ወረቀት ጠቀለልናት፤ የመነጽሬ ቤት ውስጥ አስተኛናት። በማግስቱ ዘር ወደምትዘራዋ ሴትዮ ይዣት ስሄድ ባቡሩ በሰው ተሞልቶ ነበር። አንድ ጎልማሳ ሻንጣውን ከጀርባው ሳያወርድ ወዲያ ወዲህ በዞረ ቁጥር ወደ ጥግ እሸሻለሁ። የኮቴን ኪስ በሁለት እጄ ይዣለሁ። አንዲት ሴት ልቤን ያመመኝ መስሏት ወንበሯን ለቀቀችልኝ። አመስግኜ ተቀመጥኩ፤ አላስረዳኋትም።

ዘሪዋ ሴትዮ ፍሬዋን ከውጭ በመድኃኒት አጠበች፤ ጓንት አድርጋ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለሁለት ሰነጠቀቻት። አፍንጫዬ መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋሁ። ውስጧ ውኃ አልነበረም። ነጣ ያለ፣ እንደረጠበ ዱቄት እርስ በርሱ የተያያዘ ነገር ነው። ጥቂት ወስዳ በማጉያ መነጽር አየች። ብዙ ጊዜ አየች።

«ብዙው ባዶ ነው» አለች። «አንዳንዱ ግን ውስጡ የሆነ ነገር አለው።»

በሁለት ጠርሙስ ዘራችው። «ከፋሲካ በፊት እንዳትደውልልኝ» አለችኝ።

«የእናንተ ፋሲካ ወይስ የእኛ?»

«የቱ ነው የሚዘገየው?»

«የእኛ።»

«እሱን ጠብቅ።»

በዚያ መሀል እናትየዋ ሞተች። አገዳዎቿ አንድ በአንድ ጠቁረው ወደቁ፤ ሚስቴ ራሷ በወረቀት ጠቅልላ አወጣቻት። ቴርሚኔም ደረሰ፤ ልጄ ይዛኝ ሄደች። ቃላት አስጠኑኝ፤ ሰዓት ሣል አሉኝ፤ ሣልኩ። ሐኪሟ ለዕድሜዬ ደህና እንደሆንኩና ከዓመት በኋላ እንድመለስ ነገረችኝ። ልጄ በደስታ አቀፈችኝ። እኔ ግን «ከዓመት በኋላ» የሚለው ነው ጆሮዬ ውስጥ የቀረው።

ከፋሲካችን በኋላ ስደውል ሴትየዋ አንዱ ጠርሙስ ሻግቶ እንደጣለችው ነገረችኝ። «ሁለተኛውስ?» አልኳት። «ና እይ» አለች። ሄድኩ። ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ያዘችልኝ። የረጋው ምግብ ላይ አረንጓዴ ነጥቦች አሉ፤ የመርፌ ጫፍ ያክላሉ፤ እዚህ ጥቂት፣ እዚያ ጥቂት። ይድቀቁ እንጂ አረንጓዴ ናቸው። ለማበብ ከአራት ዓመት በላይ ይፈልጋሉ፤ ከነዚህ ውስጥም ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ አለችኝ። ለአንድ ቀን አውሺኝ ብዬ ለመንኳት። እምቢ ብላ ነበር፤ ለማን እንደሆነ ስነግራት ሰጠችኝ። «እንዳታጋድለው» አለችኝ።

ሳላጋድል ሆኽስት ደረስኩ። ማይስተር ያን ቀን ከመጦሪያው ደጅ ፀሐይ ላይ ነበር፤ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጣል ተደርጎለታል። ጠርሙሱን ፊቱ ያዝኩለት።

«ይሄ ምንድነው?» አለኝ።

«ያዳቀልካት ናት። ሐምራዊዋና ባለ ቀንዷ።»

ሁለት እጁን ዘረጋ። ልሰጠው አልፈለግሁም፤ ሰጠሁት። ወደ ፊቱ አቀረበው፤ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከጎን ያየዋል። እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ የረጋው ምግብ ጠርሙሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ አረንጓዴዎቹም አብረው።

«ማነው ያዳቀላት?» አለኝ።

«አንተ። እኔ እንጨቷን ብቻ ነው የያዝኩት።»

«እኔ» አለ። ይህን ያለው ለእኔ አይደለም፤ ለጠርሙሱ ነው።

የአዳማዋ ሴት ከበሩ ስትወጣ አየችንና ፈጠን ብላ መጣች። «አባባ፣ ይቀበሉት እንጂ፣ ይጥለዋል እኮ።»

ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ነው። ቢወድቅ ሌላ ጠርሙስ የለም፤ ሌላ ፍሬ የለም፤ የሚያዳቅላትም ሰው የለም። እሱ ግን እንዲህ ትኩር ብሎ ነገር ሲያይ ካየሁት ቆይቻለሁ። ከወንበሩ ፊት በጉልበቴ ተንበረከክሁና መዳፎቼን ከእጆቹ በታች ዘረጋሁ፤ ሳልነካው፣ አንድ ጣት ያህል ራቅ አድርጌ።

«ትንሽ ይያዛት» አልኳት።